ኦርጋን ከመምጣቱ በፊት መምህር፦ የባለ ቧንቧ ኦርጋን ትምህርትና የጭሮ ዕድል

ባለ ቧንቧ ኦርጋን ለኢትዮጵያ የትናንት እንግዳ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1520 ምጽዋ የደረሰው የፖርቱጋል መልእክተኛ ቡድን ለዐፄ ልብነ ድንግል ካመጣው ገጸ በረከት ውስጥ ከሰይፍ፣ ከመድፍና ከዓለም ካርታ ጋር ኦርጋን ይገኝበት ነበር። የቡድኑ ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ አብረውት የተጓዙትን ሲዘረዝር ማኑኤል ደ ማሬሽ የተባለ ኦርጋን ተጫዋችም ይጠቅሳል። መሣሪያውና ባለሙያው አብረው መጡ፤ ከእነርሱ ተነሥቶ ለትውልድ የተላለፈ የኦርጋን ትምህርት ግን አልተመሠረተም።

ሌላው ታሪክ ፍጻሜው የተለየ ነው። እ.ኤ.አ. በ1924 ራስ ተፈሪ ከኢየሩሳሌም ያስመጧቸው አርባ የአርመን ወላጅ አልባ ልጆች የነፋስ መሣሪያቸውን ይዘው ሲመጡ ኬቮርክ ናልባንዲያንም አብሯቸው መጣ። ኬቮርክ አሠለጠነ፣ ዜማ ደረሰ፤ የወንድሙ ልጅ ነርሲስም በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ሥራውን ቀጠለ። ጥሩምባው አገር የለመደው መምህር ስላገኘ ነው። የዚህ ዳሰሳ መከራከሪያም ከዚህ ይነሣል፦ የኦርጋን ሙዚቃን በዩኒቨርሲቲ ለማስተማር የሚያስብ ሰው ከመሣሪያው ግዢ በፊት የመምህርና የተማሪን ሰንሰለት ማሰብ አለበት።

ለዚህ ትምህርት መነሻ የሚሆን የራሳችን ሥራ አለ። እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ እ.ኤ.አ. በ1972 ባወጡት «የኪዳነ ምሕረት ቤተ ክርስቲያን» አልበም፣ በኢየሩሳሌም አብያተ ክርስቲያናት ሃርሞኒየምና ባለ ቧንቧ ኦርጋን ተጫውተዋል። እማሆይ በካይሮ የአውሮፓን ሙዚቃ፣ በጎንደር የቅዱስ ያሬድን ዜማ ያጠኑ ነበሩ። ለሙዚቃ ተማሪ ትልቁ ቁም ነገር የፒያኖና የኦርጋን ልዩነት ነው። የፒያኖ ድምፅ ከተመታበት ቅጽበት ጀምሮ እየከሰመ ይሄዳል፤ የኦርጋን ቧንቧ ግን ቁልፉ እስካልተለቀቀ፣ ከወናፉ የሚመጣው ነፋስ እስካልተቋረጠ ድረስ ድምፁ ሙሉ ሆኖ ይቆያል። የጣት ክብደትም ድምፁን አያጎላውም፤ ተጫዋቹ ስሜቱን የሚገልጸው ድምፅን በመያዝና በመልቀቅ፣ በዝምታ ልክ ነው። ረጅም እስትንፋስ ለሚጠይቀው ዜማችን ይህ ጠባይ ሰፊ ሜዳ ይከፍታል። ስለዚህ የኢትዮጵያ ተማሪ ከባኽ ጎን ለጎን እማሆይን በጥሞና መስማት ይገባዋል።

ይህ ትምህርት ለምን በጭሮ? ጭሮን፣ የያኔዋን አሰበ ተፈሪ፣ የቆረቆሩት የጨርጨር ገዥ የነበሩት ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ናቸው። በሩሲያ የተማሩት እኒሁ ሰው የመጀመሪያውን ዘመናዊ የአማርኛ ተውኔት ጽፈዋል። ከውጭ የመጣውን የመድረክ ጥበብ በአገር ቋንቋ ማስገባት የከተማዋ ቆርቋሪ የሠሩት ሥራ ነው። ዛሬ ጭሮ የኦዳ ቡልቱም ዩኒቨርሲቲ መቀመጫ ናት። ከገለምሶ እስከ ሂርና ያለው ሕዝብም የሸጎዬ ባለቤት ነው፤ ወጣቶች ፊት ለፊት ቆመው እየተቀባበሉ በሚዘፍኑበት በዚህ ጨዋታ ዜማውን የሚሸከመው የሰው ድምፅ ነው። አንዱ ወገን ሲያነሣ ሌላው የሚቀበልበት ሥርዓት ለኦርጋን ትምህርት ጠቃሚ ነው፤ ባለ ሁለት ገበታ ኦርጋን ሁለት የተለያየ ቀለም ያላቸውን ድምፆች ማነጋገር ይችላልና።

መሣሪያው ውድ ነው፣ የአየር ጠባይም ይፈታተነዋል የሚለው ተቃውሞ ሚዛን አለው። ሙቀት ሲጨምር የቧንቧው ድምፅ ይቀጥናል፤ በሚኤሶ ቆላና በጭሮ ወይና ደጋ አንድ ዓይነት አይጮኽም። መቃኛ ባለሙያ የሌለው ኦርጋን ደግሞ በጥቂት ዓመታት ውስጥ የአዳራሽ ጌጥ ሆኖ ይቀራል። ይህ ግን ትምህርቱን በቅደም ተከተል የመጀመር ምክንያት ነው እንጂ የመተው ምክንያት አይደለም። መጀመሪያ በኤሌክትሪክ ኦርጋን የጣት ሥልጠናና የሙዚቃ ንባብ ይሰጥ፤ ቀጥሎ የፊዚክስና የሙዚቃ ተማሪዎች ከዋሽንት ሠሪዎች ጋር ሆነው የቧንቧ ርዝመት ድምፅን እንዴት እንደሚወስን በሸምበቆ ይፈትኑ። ዋሽንት በጣት ቀዳዳዎቹ አማካይነት ከአንድ ሸምበቆ ብዙ ድምፅ ያወጣል፤ ኦርጋን ግን ለእያንዳንዱ ድምፅ የራሱን ቧንቧ ይመድባል። ይህን በእጁ የሠራ ተማሪ ነገ ኦርጋን መጠገንም መቃኘትም አይከብደውም።

አቀራረቡም ጥንቃቄ ይሻል። ሙስሊሙና ክርስቲያኑ አብረው በሚኖሩበት ምዕራብ ሐረርጌ፣ ኦርጋን ሁሉም ገብቶ በሚሰማበት የዩኒቨርሲቲ አዳራሽ የኮንሰርት መሣሪያ ሆኖ ቢቀርብ ይበጃል። በአዲስ አበባ ያሬድ የሙዚቃ ትምህርት ቤት ክራርና ማሲንቆ ከፒያኖ ጋር በአንድ ግቢ ይሰጣሉ፤ በጭሮም ሸጎዬና ኦርጋን በአንድ ሥርዓተ ትምህርት ሊገናኙ ይችላሉ። የሚመለከታቸው ሁሉ በጀት ሲይዙ የመጀመሪያውን መስመር ለመምህር ቅጥርና ለተማሪ ነፃ የትምህርት ዕድል ያውሉት፤ ቧንቧው የሚጫወተውና የሚጠግነው ሰው ከተዘጋጀ በኋላ ይምጣ።