የተቀዳ ዜማና የተማሪው ጆሮ

እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ በፓሪስ ሲታተም የኖረው «ኢትዮፒክስ» የተባለው ተከታታይ የሙዚቃ እትም 11ኛ ቅጹን ለበገና ደርዳሪው ለዓለሙ አጋ ሥራዎች ሰጥቷል። የቅጹ ጥበባዊ ክብር አያጠያይቅም። እዚህ ላይ የሚመረመረው ለሙዚቃ ተማሪ ጆሮ የሚሰጠው ጥቅምና ያለበት ጉድለት ነው።

ዋና ብርታቱ ኖታ ሊይዘው የማይችለውን ማሰማቱ ነው። የበገና እዝታ የሚፈጠረው በአውታሩና በበርኩማው መካከል በሚገባው ቁራጭ ቆዳ፣ ማለትም በእንዝራው አማካይነት ነው። ይህን በሰሌዳ ላይ ጽፎ ማስረዳት አይቻልም፤ የሚታወቀው በመስማት ብቻ ነው። የአውታሩ ምልልስና በዝግታ የሚወጣው የደርዳሪው ድምፅ እንዴት እንደሚደጋገፉም በጉልህ ይሰማል።

ጉድለቱ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ጆሮ እጅን አያይም፤ አሥሩም አውታሮች እንደማይመቱ፣ ከፊሎቹ የጣት ማረፊያ እንደሚሆኑ ከቅጂው መረዳት ያዳግታል። ሁለተኛ፣ አንድ ደርዳሪ በአንድ ወቅት የተጫወተው ሲደጋገም ሕግ ይመስላል፤ ተማሪውም አድማጭነቱ ቀርቶ አስመሳይ ይሆናል።

ስለዚህ ቅጂውን ከፍቶ ዝም ማለት ማስተማር አይደለም። መምህሩ አንዱን መዝሙር ሦስት ጊዜ ያሰማ፤ በመጀመሪያው ስለ እዝታው፣ በሁለተኛው ስለ አውታሩ ምልልስ፣ በሦስተኛው ቃሉ ስለሚገባበት ስፍራ ይጠይቅ። ከዚያም የሌላ ደርዳሪ ቅጂ አቅርቦ ልዩነቱን ተማሪው ራሱ እንዲናገር ያድርግ። የሥርዓተ ትምህርት አዘጋጆችም ለማድመጥ ክፍለ ጊዜ ካልመደቡ፣ ቅጂው የመደርደሪያ ጌጥ ሆኖ ይቀራል።