መንፈሳዊነት፤ ትርጓሜውና ከሚጎራበቱት ቃላት የሚለይበት ነገር

ስለ ኢትዮጵያ ሕዝብ እምነትና ልማድ በሚጻፉ ጥናቶች ውስጥ «መንፈሳዊነት» የሚለው ቃል አዘውትሮ ይገኛል። ይሁን እንጂ አንዱ ጸሐፊ ሃይማኖት ለማለት፣ ሁለተኛው ሥርዓተ አምልኮ ለማለት፣ ሦስተኛው ከመናፍስት ጋር መገናኘት ለማለት፣ አራተኛው ደግሞ የግል የልብ ስሜት ለማለት ይጠቀምበታል። አንድ ቃል ይህን ሁሉ ከተሸከመ አንዱንም አጥርቶ ማስረዳት አይችልም። ችግሩም የቋንቋ ብቻ አይደለም፤ ማን መንፈሳዊ እንደሚባልና ማን ከዚህ ስም ውጭ እንደሚቀር የሚወስነው ይኸው ትርጓሜ ነውና። ስለዚህ ቃሉን በጣና ዳርቻ ካለው ኑሮ ጋር እያነጻጸሩ መመርመር ይገባል።

«መንፈስ» ከነፍስና ከነፋስ ጋር ከአንድ ሥር የወጣ ቃል ነው፤ መተንፈስም የዚሁ ዘመድ ነው። የዕብራይስጡ «ሩሕ» እና የጽርኡ «ጵኔውማ» እንደዚሁ ነፋስንም መንፈስንም ያመለክታሉ። ነገር ግን የዚህን ቃል ፍች ከሥሩ ይልቅ ተቃራኒው ይገልጠዋል። በአማርኛ የመንፈሳዊ ተቃራኒ ሥጋዊ ወይም ዓለማዊ ነው እንጂ ሃይማኖታዊ አይደለም። በምዕራቡ ዓለም ግን መንፈሳዊነት የሃይማኖት ተፎካካሪ ሆኖ መታየት ጀምሯል። ፖል ሂላስና ሊንዳ ዉድሄድ ኬንዳል በምትባል የእንግሊዝ ከተማ ምርመራ አድርገው በ2005 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት መጽሐፍ፣ ሰው ከላይ ለተሰጠው ሥርዓት የሚገዛበትን ሃይማኖት በአንድ ወገን፣ የራሱን የውስጥ ሕይወት የሚከተልበትን መንፈሳዊነት በሌላ ወገን ለይተው አቁመዋል። ይህ አከፋፈል ለኬንዳል ይስማማ ይሆናል። ወደ ጣና ሲመጣ ግን ይሰናከላል፤ በዚህ አገር መንፈሳዊ የሚባለው ሰው ከሥርዓቱ የሸሸው ሳይሆን ሥርዓቱን እስከ ጫፉ የተከተለው ነውና።

ሁለተኛው መደናገር ከመናፍስት የመጣ ነው። ፈረንሳዊው ሚሼል ሌሪስ በ1932 እ.ኤ.አ. በጎንደር የዛርን ነገር ተከታትሎ በ1958 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት፣ በዛር መያዝ ከቴያትር ጋር የሚመሳሰልበትን ጠባይ ገልጧል። ሥራው ለዕውቀት ታላቅ ጥቅም አለው። የእርሱን ፈለግ የሚከተል ተማሪ ግን የዛርን ነገር «የኢትዮጵያ መንፈሳዊነት» በሚል ርእስ ሥር ቢያኖረው ይሳሳታል። ዛር የሰፈረበትን ሰው ሕዝቡ «መንፈስ ያዘው»፣ «መንፈስ አለበት» ይላል እንጂ «መንፈሳዊ ነው» አይልም። ልዩነቱ ግልጽ ነው፤ በመጀመሪያው አነጋገር ሰውየው በሌላ የተያዘ ነው፤ በሁለተኛው ግን ራሱን የገዛ ነው።

ራስን መግዛት ከየት እንደሚጀምር ለመረዳት በባሕር ዳር ያለው የሹም አቦ ስም መነሻ ሊሆን ይችላል። ሕዝቡ «አቦ» ብሎ የሚጠራው አቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስን ነው፤ የስማቸውም ፍች የመንፈስ ቅዱስ አገልጋይ ማለት ነው። ሥዕላቸው ግን ስለ አካል አብዝቶ ይናገራል፤ ሰውነታቸው በጠጉር ተሸፍኖ፣ በአንበሶችና በነብሮች መካከል ቆመው ይታያሉ። ገድላቸውም ያለ መብልና ያለ ልብስ መኖራቸውን ይተርካል። የመጻሕፍተ መነኮሳት ትምህርት ከዚህ ጋር ይስማማል። ከሦስቱ መጻሕፍት አንዱ «አረጋዊ መንፈሳዊ» ይባላል፤ ሁለቱ ማር ይስሐቅና ፊልክስዩስ ናቸው። ሊቃውንቱም አሥር የቅድስና መዓርጋት ይቆጥራሉ፤ ሦስቱ የንጽሐ ሥጋ፣ አራቱ የንጽሐ ነፍስ፣ ሦስቱ የንጽሐ ልቡና ናቸው። የመሰላሉ የመጀመሪያ እርከን ሥጋ ነው፤ የልቡና ብርሃን የሚገኘው ከላይኛው እርከን ላይ ነው።

እንግዲህ ሃይማኖት የሚታመነው ነው፤ ሥርዓት በኅብረት የሚፈጸመው ነው፤ ምግባር ለባልንጀራ የሚደረገው ነው። መንፈሳዊነት ግን ሰው በእነዚህ እየተጋደለ የሚደርስበት የሕይወት ደረጃ ነው። በአንድ ሃይማኖት የሚኖሩ ሁሉ ያንኑ ያምናሉ፣ ያንኑ ይጾማሉ፤ ሁሉም ግን መንፈሳዊ ተብለው አይጠሩም።

በዚህ ሚዛን ሲታይ፣ ቶም ቦይልስተን ስለ ዘጌ ጽፎ በ2018 እ.ኤ.አ. ያሳተመው «በግብዣው መካከል ያለ እንግዳ» የተባለው መጽሐፍ ልዩ ግምት ይገባዋል። በዘጌ አቡነ በትረ ማርያም በተቀበሉት ቃል ኪዳን መሠረት ምድሩ አይታረስም፣ ከብትም አይረባበትም ተብሎ ይታመናል፤ ሕዝቡም በቡና ደን መካከል ይኖራል። ደራሲው ጾም፣ ክልከላና ማዕድ ሰውን ከእግዚአብሔርና ከጎረቤቱ ጋር እንዴት እንደሚያገናኙ፣ እንዴትም እንደሚለዩ አብራርቷል። መንፈሳዊነት የልብ ስሜት ብቻ ነው ለሚሉ ይህ በቂ መልስ ነው። ሆኖም የክልከላ ጥናት ወሰኑን እንጂ መወጣጫውን በሙሉ አያሳይም። አንባቢው በዚህ ብቻ ቢቆም መንፈሳዊነት ማለት ከተከለከለው ነገር መራቅ ብቻ ይመስለዋል።

ይህን ግምት የሐይቁ ታሪክ ራሱ ያፈርሰዋል። ወደ ክብራን ገብርኤል ሴት አትገባም። ነገር ግን በምሥራቁ ዳርቻ በቆራጣ የምትከበረው ቅድስት ወለተ ጴጥሮስ ሴት ናት። በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን የካቶሊክን እምነት ተቃውማ ትዳሯን ትታ መነኰሰች፤ ማኅበራትንም መራች። ገድሏ በ1672 እ.ኤ.አ. ተጻፈ። የደሴቱ ሥርዓት ከደጅ የሚመልሳትን ሴት ቤተ ክርስቲያን ከቅዱሳን ተራ አኑራታለች። ስለዚህ የሥርዓት ወሰንና የመንፈሳዊነት ልክ አንድ አይደሉም፤ ይህንንም የምትመሰክረው ሥርዓቱን የሠራችው ቤተ ክርስቲያን ራስዋ ናት።

የዚህ ልዩነት ዋጋ ይበልጥ የሚታወቀው በባሕር ዳርና በሐይቁ ዙሪያ በሚኖሩት በወይጦዎች ነገር ነው። እነዚህ ሰዎች እስላሞች ናቸው፤ ከደንገል ታንኳ በመሥራትም የታወቁ ናቸው። ቀድሞ የጉማሬ ሥጋ ይበሉ ስለ ነበር ጎረቤቶቻቸው ለረጅም ዘመን እንደ ርኩስ ቆጥረው ከማዕዳቸው አርቀዋቸዋል። መንፈሳዊነትን ከመብል ንጽሕና ጋር አንድ የሚያደርግ ተመራማሪ የጎረቤትን ንቀት ሳያውቀው የዕውቀት መደብ አድርጎ ይጽፈዋል። ለወይጦዎች ሥርዓተ አምልኮን፣ ልማድንና ጥንቆላን ይሰጣቸዋል፤ መንፈሳዊነትን ግን ለገዳሙ ብቻ ያስቀራል።

የመጻሕፍተ መነኮሳት ቃል ለእስላም እንዴት ይሆናል የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። ተቃውሞው ተገቢ ነው፤ አሥሩን መዓርጋት በሌላ ሃይማኖት ላይ መጫን አይቻልም። ጥያቄው ግን ሊሻገር ይችላል። በእስልምናም ነፍስን ከምኞቷ የመግታት ትምህርት አለ፤ የረመዳን ጾምም በሥጋ ይጀምራል። ስለዚህ ተመራማሪው በየሕዝቡ ዘንድ ሊጠይቅ የሚገባው «ምን ይበላሉ፣ ከምንስ ይከለከላሉ?» ብሎ ብቻ አይደለም። «ከመካከላችሁ ራሱን የገዛ የምትሉት ማን ነው? በምን አወቃችሁት? በምንስ ስም ትጠሩታላችሁ?» ብሎ መጠየቅ አለበት። መልሱ በገዳሙም በታንኳ ሠሪው መንደርም በየባለቤቱ ቃል ተጽፎ ሲገኝ፣ «መንፈሳዊነት» የሚለው ቃል ለጥናት የሚጠቅም ሚዛን ይሆናል። እስከዚያ ድረስ ግን የሚያገለግለው የጸሐፊውን ግምት ለመሸፈን ብቻ ነው።