ካውያ የነካው ወረቀት

እ.ኤ.አ. በ1938 «አክሽን ኮሚክስ» የተባለው የሥዕል መጽሔት የመጀመሪያ ቁጥሩ ለአሜሪካ ገበያ ሲቀርብ ዋጋው 10 ሳንቲም ነበር። ሱፐርማን ለመጀመሪያ ጊዜ ብቅ ያለበትን ይህን እትም የገዙት ልጆች ጠቅልለው ኪሳቸው ከተቱት፣ ተዋውሰው አነበቡት፣ ከአልጋ ሥር ወረወሩት፤ እናቶቻቸውም ከአሮጌ ጋዜጣ ጋር አብረው ጣሉት። በ2024 ከዚያው እትም የተረፈ አንድ ቅጂ በሐራጅ 6 ሚሊዮን ዶላር አወጣ። ቅጂው ለአያያዙ ከ10 ነጥብ 8.5 የተሰጠው ነበር። ከዚህ ገንዘብ ውስጥ ምን ያህሉ ለሱፐርማን፣ ምን ያህሉ ላልተጨማደደው ወረቀት እንደተከፈለ ማንም ለይቶ ሊናገር አይችልም። የአሜሪካን የኮሚክ ሰብሳቢዎች ከሃያ ዓመት በላይ ሲያነታርክ የኖረው ጉዳይ የሚነሣው ግን ከዚሁ ካልተጨማደደው ወረቀት ነው።

ንትርኩ ስለ መተኮስ ነው። በእንግሊዝኛው «ፕሬሲንግ» ለሚባለው ሥራ አማርኛ ሩቅ ሄዶ ቃል መፈለግ አያሻውም፤ ሸሚዝ የሚተኮስ ከሆነ ወረቀትም ይተኮሳል። ባለሙያው መጽሔቱን ጥቂት እርጥበት ያስነካውና የወረቀቱ ቃጫ እስኪላላ ይጠብቃል። ከዚያም በማያጣብቅ ወረቀት መካከል አድርጎ፣ በከናቴራ ላይ ሥዕል ለማተም ከሚያገለግለው ጋር በሚመሳሰል የሙቀት መጫኛ ውስጥ ያስገባዋል፤ ሲበቃውም በክብደት ሥር ሆኖ እንዲቀዘቅዝ ይተወዋል። በጣት ተጨምቆ የጎደጎደ ሽፋን፣ ሲጠቀለል የተጣመመ ጀርባ፣ ቀለሙ ሳይሰነጠቅ የታጠፈ ማዕዘን በዚህ መንገድ ይቃናል። ቀለሙ ተሰብሮ ነጩ የታየበት እጥፋት፣ የተቀደደ ገጽ፣ የዛገ የሽቦ ስፌት ግን በካውያ አይድንም። በመጽሔቱ ላይ ቀለምም ሆነ ሙጫ አይጨመርም፤ የሚቆረጥም ነገር የለም። የመተኮስ ደጋፊዎች የመጀመሪያ መከራከሪያ ይኸው ነው።

ነገሩ የገንዘብ ጉዳይ የሆነው ከ2000 ወዲህ ነው። ቀደም ሲል ሻጭና ገዢ «ጥሩ»፣ «በጣም ጥሩ» በሚሉ ቃላት እየተደራደሩ፣ ከ1970 ጀምሮ በሚታተመው የኦቨርስትሪት የዋጋ መምሪያ እየተመሩ ይገበያዩ ነበር። በ2000 ሲ.ጂ.ሲ. የተባለው ድርጅት ሥራ ሲጀምር ቃላቱ በቁጥር ተተኩ። መጽሔቱ ይመረመራል፤ ከ0.5 እስከ 10 ነጥብ ይሰጠዋል፤ ከዚያም በጠንካራ ፕላስቲክ መያዣ ይታሸጋል። ቀለም የተቀባ፣ ቀዳዳው የተደፈነ ወይም የጎደለው የተሞላ መጽሔት «የታደሰ» ተብሎ ሐምራዊ ምልክት ይለጠፍበታል፤ ገዢም ከሐምራዊው ይሸሻል። የተተኮሰው መጽሔት ግን ምንም ካልተነካው ጋር እኩል ሰማያዊ ምልክት ያገኛል። ድርጅቱ መተኮስን እንደ እድሳት አይቆጥረውም።

ይህ ምን እንደሚያስከትል ለመገመት ነጋዴ መሆን አያስፈልግም። ስፓይደርማን የተወለደበት የ1962ቱ «አሜዚንግ ፋንታሲ» 15ኛ ቁጥር አንድ ቅጂ በ2021 3.6 ሚሊዮን ዶላር ተሸጧል፤ ነጥቡ 9.6 ነበር። በዚህ ከፍታ ላይ የነጥብ ሁለት አሥረኛ ማለት አንዳንድ ጊዜ ብርሃን በጎን ሲያርፍበት ብቻ የሚታይ የአውራ ጣት ጉድጓድ ነው። ጉድጓዱን በአንድ ቀን ሥራ ማጥፋት ከተቻለ የማያጠፋው ማን ነው? የታሸገውን መያዣ መስበር፣ መጽሔቱን መተኮስና መልሶ ለምርመራ መላክ ብዙም ሳይቆይ ራሱን የቻለ ንግድ ሆነ። የሐራጅ ፎቶግራፎችን ጎን ለጎን አስቀምጠው የሚያነጻጽሩ ሰብሳቢዎች፣ ትናንት በዝቅተኛ ነጥብ የተሸጠ ቅጂ ዛሬ ከፍ ባለ ነጥብ ተመልሶ ሲመጣ ያገኙት ጀመር። ቅሬታው የጠነከረውም ያኔ ነው። ከቅሬታው ውስጥ ከፊሉ የመርህ፣ ከፊሉ ደግሞ «እኔ ሸጬው ሌላው አተረፈበት» የሚል ቁጭት እንደነበር መካድ አይቻልም።

በመርህ የተቆጡት በ2005 አካባቢ ጠበቃና ሰብሳቢው ማርክ ዛይድ ባቋቋመው «ኔትወርክ ኦቭ ዲስክሎዠር» ዙሪያ ተሰባሰቡ። ጥያቄያቸው መተኮስ ይከልከል የሚል አልነበረም። ሻጩ የሚያውቀውን ለገዢው ይንገር ነው ያሉት። ይህን ያህል ልከኛ ጥያቄ ያን ያህል ተቃውሞ መቀስቀሱ ራሱ ብዙ ይናገራል፤ የማይጎዳ ነገር ከሆነ መናገሩ ምን ይከብዳል?

ደጋፊዎቹ ለዚህ ሁለት መልስ አላቸው። አንደኛው፣ በሚገባ የተተኮሰን መጽሔት ካልተተኮሰው በእርግጠኝነት መለየት ስለማይቻል ምልክት ልለጥፍ ማለት ከንቱ ነው የሚለው ነው። ይህ መልስ ለመርማሪው ድርጅት ይሠራ ይሆናል። ለሻጩ ግን አይሠራም። ሻጩ መርማሪ አይደለም፤ መጽሔቱን ወደ ካውያው የላከው እሱ ራሱ ነው፣ ክፍያውንም የፈጸመው እሱ ነው። የሌላ ዓይን ያላየውን እሱ ያውቃል።

ሁለተኛው መልስ የበለጠ ያስቸግራል። በሰብሳቢዎች ዘንድ ከሁሉ የሚከበረው ክምችት፣ «ማይል ሃይ» በመባል የሚታወቀው የኤድጋር ቸርች ክምችት ነው። ቸርች በኮሎራዶ የኖረ ሰው ነበር፤ መጽሔቶቹን ለአሥርተ ዓመታት አንዱን በአንዱ ላይ እየከመረ አኖራቸው። በ1977 ቸክ ሮዛንስኪ የተባለ ነጋዴ ሲገዛቸው ገጾቻቸው ነጭ፣ ሽፋኖቻቸው ዝርግ ሆነው ተገኙ። ነጭነቱ የኮሎራዶ ደረቅና ቀዝቃዛ አየር ሥራ ነው። ዝርግነቱ ግን የክምሩ ክብደት ያመጣው ነው። እንግዲህ ዓለም ያደነቃቸው እነዚህ መጽሔቶች የተተኮሱ አይደሉምን? ክምር በ30 ዓመት የሠራውን ካውያ በአንድ ቀን ቢሠራው ልዩነቱ የሰዓት ብቻ አይደለምን?

ወረቀቱን ብቻ ለሚመለከት ልዩነቱ በእርግጥ የሰዓት ነው፤ ቃጫ ሐሳብን አያውቅም። ነገር ግን ለቸርች ቅጂዎች ሰብሳቢዎች ትርፍ ዋጋ የሚከፍሉት ስለ ወረቀቱ ብቻ ቢሆን ኖሮ፣ በሽፋኖቹ ላይ በእርሳስ የተጻፉትን ምልክቶች እንደ ጉድፍ በቆጠሯቸው ነበር። አይቆጥሯቸውም። ቅጂው የቸርች መሆኑን የሚመሰክሩት እነዚያ የእርሳስ ጽሑፎች ስለሆኑ ይፈልጓቸዋል፤ መርማሪውም በመያዣው ላይ የክምችቱን ስም ይጽፋል። ከፍተኛ ነጥብ የሚያስከብረው እንደ ምስክርነት ስለሚነበብ ነው፤ ይህ ደካማ ወረቀት ይህን ሁሉ ዘመን በአንድ ሰው እንክብካቤ አለፈ ማለት ነው። ካውያው የሚሰጠው ነጥብ ይህንኑ ቃል እየደገመ፣ ስለ ሌላ ሰው የተነገረን ምስክርነት ይዋሳል። ያ መጽሔት በእንክብካቤ አላለፈም። አንድ ልጅ አንብቦታል፤ አውራ ጣቱንም ትቶበታል። የቸርች እርሳስ በዋጋ ሲጨምር ስሙ ያልታወቀው ልጅ አውራ ጣት የሚደመሰስ ከሆነ፣ ሰብሳቢዎቹ ታሪክን እናከብራለን ሲሉ የማንን ታሪክ ማለታቸው እንደሆነ መጠየቅ ተገቢ ነው።

ይህ ማለት የተኮሰ ሁሉ አጭበርባሪ ነው ማለት አይደለም። የተጣመመን ወረቀት አርጥቦ በክብደት ማቃናት በቤተ መጻሕፍትና በቤተ መዘክር የጥበቃ ባለሙያዎችም የሚሠሩት ነው፤ እነሱ ግን የሠሩትን መዝግበው ያኖራሉ። የኮሚኩ ዓለም ከባለሙያዎቹ መሣሪያውን ወሰደ፣ መዝገቡን ተወው። በ2012 የሲ.ጂ.ሲ. እናት ድርጅት፣ በመተኮስና በእድሳት ሥራ የታወቀውን «ክላሲክስ ኢንኮርፖሬትድ»ን ጠቀለለ፤ አገልግሎቱም ሲ.ሲ.ኤስ. የሚል ስም ተሰጠው። መጽሔቱ በአንዱ ክፍል ይተኮሳል፣ በሌላው ይመረመራል። መርማሪዎቹ ያዳላሉ ለማለት ማስረጃ አያስፈልግም፤ ለማለትም አያሻም። ስለ መተኮስ ዝም የሚል ምልክት የሚያትመውና ከመተኮስ የሚያተርፈው አንድ ቤት መሆኑ ይበቃል።

በዚህ መካከል ጥፋቱም አልቀረም። መሣሪያው በቀላሉ ስለሚገዛ ብዙዎች በየቤታቸው መተኮስ ጀምረዋል። ሙቀት ወይም እርጥበት ሲበዛ ሽፋኑ ይሸበሸባል፤ አንዳንዴም ይኮማተርና የውስጡ ገጾች በጠርዙ አልፈው ይታያሉ። ስፌቱ አካባቢም ወረቀቱ ይላላል። ምንም አይቀነስበትም የተባለው ነገር የሚቀነስበት ጊዜ አለ ማለት ነው።

የመግለጽ ጥያቄውን ገበያው በራሱ መንገድ ፈትቶታል፤ ፈትቶታል ከማለት ገልብጦታል ማለት ይሻላል። ዛሬ ብዙ ገዢዎች ከፍተኛ ነጥብ ያለው ቅጂ ሁሉ ካውያ ነክቶታል ብለው ያስባሉ፤ ስለዚህም «ተተኩሷል» የሚል ማስታወቂያ ለማንም አዲስ ነገር አይነግርም። ሻጩ በጉልህ የሚጽፈው «ያልተተኮሰ» የሚለውን ነው። ልጁ በአውራ ጣቱ የጎደጎደውን ሽፋን በፎቶግራፍ አቅርቦ ያሳያል። ገዢውም ጉድጓዱን አጉልቶ ይመለከተዋል፤ ቀለሙ አለመሰበሩን ያረጋግጣል፤ ሲቃና ስንት ነጥብ እንደሚጨምር ያሰላና ዋጋውን ይጠራል።