በጀጎል መደብ ጠርዝ

በሐረሩ ጀጎል ግንብ ውስጥ ብዙ ርቆ መጥፋት አይቻልም። በሩ ላይ ቆሞ «ብቻህን አትችለውም» የሚል አስጎብኚ አይታጣም፤ ለታሪኩ ይጠቅማል። የእጅ ሥራውን ለማየት ግን ብቻን መሄድ ይሻላል፤ አንድ ግድግዳ ሥር ሩብ ሰዓት የሚቆም እንግዳ ማንንም ያሰለቻል። የግንቡ ውስጥ በሙሉ 48 ሄክታር ቢሆን ነው። ከሸዋ በር፣ ከቡዳ በር፣ ከሰንጋ በር፣ ከኤረር በር ወይም ከፈላና በር የሚነሳው ዋና መንገድ ወደ መሃል ገበያው ያደርሳል። ቀጫጭኑ መተላለፊያ ደግሞ ቢጠማዘዝ ቢጠማዘዝ መጨረሻው ወይ ግንቡ ነው ወይ የሰው ደጃፍ።

ግንቡን በ16ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ያሠሩት አሚር ኑር ናቸው። የአካባቢው ድንጋይ በጭቃ ተያይዞ፣ እዚህም እዚያም እንጨት ገብቶበት አራት ሜትር ያህል ቆሟል። ሰው ፎቶ የሚነሳው በሮቹ ሥር ነው፤ የግንበኛው ብልሃት ግን ከግርጌ ባሉት ትናንሽ ቀዳዳዎች ይታያል። ሐረሪዎች ወራባ ኑዱል ይሏቸዋል፤ የጅብ ቀዳዳ። ጅቡ ማታ ገብቶ ከየሠፈሩ የተጣለውን ጠራርጎ ይወጣል። በጭቃ በተያያዘ ድንጋይ ውስጥ ቀዳዳ መተው ደግሞ ቀላል አይደለም፤ ከላይ ያለውን ሸክም የሚችል ድንጋይ መርጦ ማጋደም ይጠይቃል።

ወደ ውስጥ ሲገባ ቤቶቹ ለመንገዱ ጀርባቸውን ሰጥተዋል። የሚታየው ቀለም ብቻ ነው፤ ነጭ፣ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ሮዝ። ልስኑ የተላጠበት ማዕዘን ላይ ጠጋ ብላችሁ እዩ። ከሰማያዊው ሥር አረንጓዴ፣ ከአረንጓዴው ሥር ኖራ ታገኛላችሁ፤ ቀለሙ በየጊዜው ስለሚደራረብ የግድግዳው ጠርዝ ስለቱን አጥቶ ክብ ሆኗል። በማኪና ግርግር በኩል ካለፋችሁ የልብስ ሰፊዎቹ መኪና ጩኸት የመንገዱን ስም ይነግራችኋል። ከዚያ ብዙም ሳይርቅ ራምቦ ቤት አለ። ፈረንሳዊው ገጣሚ ራምቦ ከሐረር የወጣው በ1891 እ.ኤ.አ. ነው፤ ቤቱን ያሠራው ከእርሱ በኋላ አንድ ሕንዳዊ ነጋዴ ነው። የእንጨት ሥራው የሚደነቅ ነው፣ ባለ ቀለም መስታወቱም ያምራል። ግን ውበቱን ሁሉ ከሩቅ ያወጣል፤ ቀርቦ ለሚያይ ብዙም አላስቀረም።

የሐረሪ ቤት ግን የሚታወቀው ከውስጥ ነው። ለእንግዳ ክፍት የሆኑ ባህላዊ ቤቶች ስላሉ ጫማችሁን አውልቃችሁ ግቡ። ዋናው ክፍል ጊዲር ጋር ይባላል፤ አልጋም ወንበርም የለበትም። መቀመጫው ከራሱ ከቤቱ ጋር የተሠራ መደብ ነው። ነደባ ይሉታል፤ አምስት ነው፤ ከፍታው ይለያያል፣ ባለቤቱም እንደዚያው። አሚር ነደባ የአባወራው ነው። ጊዲር ነደባ ትልቁ፣ ቲት ነደባ ትንሹ ነው፤ ገብቲ ኤሔር ነደባ ከበሩ ኋላ፣ ሱትሪ ነደባ ደግሞ ገለል ብሎ ከውስጥ በኩል ይገኛል። ማን የት እንደሚቀመጥ የሚናገር አያስፈልግም፤ ግንበኛው ወስኖታል።

ጎንበስ ብላችሁ የመደቡን ጠርዝ በእጃችሁ ዳብሱት። ከደረጃ ወደ ደረጃ ሲወርድ ጠርዙ ሹል አይደለም፤ በመዳፍ ተደጋግሞ ታሽቶ ለስልሷል፣ መስመሩ ግን ከግድግዳ እስከ ግድግዳ አይወላገድም። ይህን የሠራ ሰው ውኃ ልክ ከመጠቀም ይልቅ በዓይኑ የሚተማመን ይመስለኛል። የመደቡና የወለሉ ቀይ ቀለም በ1887 እ.ኤ.አ. በጨለንቆ ጦርነት የፈሰሰውን ደም ያስታውሳል የሚሉ አሉ። እኔ ሌላም ጥቅም አይበታለሁ። መስኮቱ ጥቂት ስለሆነ ብርሃኑ የሚገባው በበሩ ነው፤ ቀዩ ወለል ያን ብርሃን ሞቅ አድርጎ ወደ ነጩ ግድግዳ ይመልሰዋል። ግድግዳው ላይ መጽሐፍና ዕቃ የሚቀመጥባቸው ጎድጓዳ መደርደሪያዎች ተፈልፍለዋል፤ አንዳንዶቹ አናታቸው ቅስት ነው። ቅስቶቹን ብታነጻጽሩ እርስ በርሳቸው ትንሽ ይለያያሉ። ያ ጉድለት ቢጠፋ ቤቱ ቀዝቃዛ ይሆን ነበር።

ከመደርደሪያዎቹ በላይ ስፌቱ ተሰቅሏል፤ የሴቶቹ ሥራ ነው። መሃሉ የሣር እሽግ፣ ዙሪያው አለላ። ወስፌው ከታች ያለውን ዙር ይበሳል፣ አለላው ይገባል፣ ይጠበቃል፣ እንደገና ይበሳል። ክቡ በሰፋ ቁጥር በአንድ ዙር የሚገባው ጥልፍ ይበዛል፤ ስለዚህ አንዱን ሦስት ማዕዘን ቅርጹን ሳይስት እስከ ጠርዙ ለማድረስ ሰፊዋ በየዙሩ አዲስ ቆጠራ ትይዛለች። የተሳሳተ ቆጠራ ካለ ከመሃል አይታይም፤ የሚጋለጠው የመጨረሻው ጥለት ከመጀመሪያው ጋር ሲገናኝ ነው። ሰፊዎች እንዴት እንደሚያስተካክሉት ለማየት ያንን መገናኛ ፈልጉ፤ አንዳንዷ አንድ ቀጭን ጥቁር መስመር አስገብታ ታመልጣለች፣ ጎበዟ ግን ምንም ምልክት አትተውም።

ገበያ ላይ ለመግዛት ካሰባችሁ ፊቱን ብቻ አትዩ። ገልብጡት። የጥሩ ሥራ ጀርባ እንደ ፊቱ ጥብቅ ነው፤ የአለላው ጫፍ አልወጣም፣ በጣት ሲጫኑት አይላላም። የቸኮለው ሥራ ፊቱ ሲያንጸባርቅ ከጀርባው ክፍተት ያሳያል፣ ቀለሙም ከወዲሁ ጣት ያቀልማል። ዋጋ የምትከራከሩት ከዚህ በኋላ ነው፤ ጀርባው ጥብቅ ከሆነ ደግሞ ብዙ ባትከራከሩ ይሻላል።