የደም ቁጥርና የሥራ ታሪክ፦ ስለ ፒፋስ በወጣው የክሊኒክ መመሪያ ላይ የቀረበ ሂስ

የአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ፣ የምሕንድስናና የሕክምና አካዳሚዎች እ.ኤ.አ. በ2022 ያወጡት የፒፋስ መመሪያ ለሐኪም የሚጠቅም ሰነድ ነው። ፒፋስ በመባል የሚታወቁት ፍሎሪን ያዘሉ ውህዶች የነዳጅ እሳት ለማጥፋት በሚረጨው አረፋ ውስጥ ለብዙ ዓመታት ሲጨመሩ ቆይተዋል። መመሪያው እነዚህ ውህዶች ከኩላሊት ካንሰር፣ ከደም ቅባት መዛባት፣ ከአንቲቦዲ ምላሽ መዳከምና ከጽንስ እድገት መቀነስ ጋር መዛመዳቸውን በቂ ማስረጃ እንዳለው ገልጿል። እስከዚህ ድረስ የሚነቀፍበት ነገር የለም።

ጉድለቱ በደረጃ አወጣጡ ላይ ነው። የተለያዩ ውህዶች መጠን፣ መርዛማነታቸው እኩል የሆነ ይመስል፣ ይደመራል። ድምሩ በአንድ ሚሊ ሊትር ሴረም 20 ናኖግራምና ከዚያ በላይ ሲሆን ዕድሜው ከ45 ዓመት ያለፈ ታካሚ ለኩላሊት ካንሰር ምልክቶች እንዲታይ ይመከራል፤ ከዚያ በታች ላለው ግን ይህ ምክር የለም። ፒፎስ የተባለው ውህድ በደም ውስጥ በግማሽ ለመቀነስ 5 ዓመት ገደማ ይፈጅበታል። ለምሳሌ ያህል፣ ከ25 ዓመት በፊት ሥራውን ሲለቅ 160 ናኖግራም የነበረበት የእሳት አደጋ ሠራተኛ፣ ሌላ ተጋላጭነት ካልገጠመው፣ ዛሬ 5 ናኖግራም ያህል ብቻ ይገኝበታል። ቁጥሩ ወርዷል፤ ኩላሊቱ ግን እነዚያን ዓመታት ሁሉ ተሸክሟል። ደረጃዎቹ ይህን ያለፈ ጊዜ አይጠይቁም።

ነገሩ ፍርድ ቤት ሲደርስ ይብሳል፤ ዝቅተኛ ቁጥር ለተከሳሽ ጠበቃ የተመቸ መከራከሪያ ነውና። በዌስት ቨርጂኒያና በኦሃዮ በዱፖንት ላይ በተመሠረተው የፒፎአ ክስ መመዘኛው የደም ቁጥር ሳይሆን የተበከለውን ውኃ ቢያንስ ለ1 ዓመት መጠጣት ነበር። የሳይንስ ቡድኑ እ.ኤ.አ. በ2012 ሥራውን ሲፈጽም የኩላሊት ካንሰርን ጨምሮ 6 ሕመሞችን ለየ፤ በ2017ም 3,550 ያህል ክሶች በ671 ሚሊዮን ዶላር ገደማ በስምምነት ተቋጩ። በ2022 መጨረሻ የጸደቀው የአሜሪካ ሕግም ቢያንስ 5 ዓመት ያገለገለ የፌዴራል እሳት አደጋ ሠራተኛ የኩላሊት ካንሰር ሲይዘው፣ በጊዜ ገደቡ ውስጥ እስከሆነ ድረስ፣ መንስኤው ሥራው እንደሆነ ይገምታል።

ይህ ግምት የማይሸፍነው ሠራተኛ የግል ጉዳት ክስ ማቅረብ ይችላል። የአረፋ ክሶች ከ2018 ጀምሮ በቻርለስተን፣ ሳውዝ ካሮላይና፣ በአንድ ዳኛ ሥር ተሰብስበዋል። ሥሪኤም በ2023 ለመክፈል የተስማማው ቢያንስ 10.3 ቢሊዮን ዶላር ግን ለውኃ አቅራቢ ድርጅቶች እንጂ ለታመሙ ሠራተኞች የተመደበ አይደለም። ታማሚው መንስኤውን ለየብቻው ማስረዳት ይጠበቅበታል፤ የክስ ማቅረቢያው ጊዜም ሕመሙንና ምክንያቱን ካወቀበት፣ ወይም ሊያውቅ ይገባው ከነበረበት ቀን ጀምሮ ሊቆጠር ስለሚችል፣ ሐኪሙ በካርዱ ላይ የጻፈው ቀን ራሱ ማስረጃ ይሆናል።

የደም ምርመራው በሌለበት ክሊኒክ ያለው መሣሪያ የሥራ ታሪክ ብቻ ነው፦ በየትኛው ጣቢያ፣ ከስንት እስከ ስንት ዓመት፣ አረፋው በልምምድ ጊዜ ጭምር ይረጭ እንደነበር፣ በባዶ እጅ ይነካ እንደነበር። መመሪያው በሚታደስበት ጊዜ እነዚህ ጥያቄዎች ከደም ቁጥሩ ጎን በእኩል ደረጃ ሊሰፍሩ ይገባል።