ጃንሆይ ተመቱ፤ በገጸ ባሕርያት አነጋገር ስለሚታየው የቃላት አመራረጥ

ባለፈው ክረምት አራት ተማሪዎች ሆነን ስለ መተማ ጦርነት አንድ ድርሰት በተራ ለመጻፍ ተስማምተን ነበር። አንዳችን ዐፄ ዮሐንስን፥ አንዳችን ራስ አሉላን፥ አንዳችን የደርቡሾቹን አዛዥ ዘኪ ጡማልን ወሰድን፤ ለአራተኛው ወሬ አድራሽ ወታደር ደረሰው። እያንዳንዱ የራሱን ሰው ንግግር ብቻ ይጽፋል፤ ተከታዩም ያንን አንብቦ በራሱ ሰው አፍ ይመልሳል። በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው የዚያን ሥራ ጉድለት ነው። ጉድለቱ የእኛው ስለሆነ ማንንም እንዳማን አይቈጠርብን።

ወሬ አድራሹ ከጦር ሜዳ ሮጦ መጥቶ ራስ አሉላ ፊት ሲቆም ያስነገርነው ቃል እንዲህ የሚል ነበር፤ «የምዕራቡ አድማስ በደመ ሰማዕት ተነክሮ፥ የጽዮን ብርሃን በጽልመት መጋረጃ ተጋርዶ፥ የአንበሳው ግርማ በመከራ ዛፍ ጥላ ሥር ዐረፈ!» በጻፍነው ጊዜ እጅግ አምሮብን ነበር። ችግሩ የታወቀን አሉላን የያዘው ጓደኛችን ተራው ሲደርስ ነው። ንጉሡ ሞተዋልን? ቆስለዋልን? ወይስ ፀሐይ ጠልቃ ኖሯል? የሚመልሰው ነገር ስላልነበረው ከተነገረው የባሰ የተሽሞነሞነ ቃል ጻፈ፤ ቀጣዩም ከእርሱ ላለማነስ ጨመረበት። አራት ተራ ከጻፍን በኋላ ወደ ኋላ ብናነብ፥ በመተማ አንድም ሰው በጥይት አልተመታም።

ታሪኩ ግን የሚታወቅ ነው። መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሠራዊት የደርቡሾችን አጥር ጥሶ ገብቶ ድል ለማድረግ በተቃረበበት ሰዓት ንጉሠ ነገሥቱ በጥይት ተመቱ፤ ይህም ወሬ በሠራዊቱ መካከል ሲሰማ ሊገኝ የነበረው ድል ወደ ማፈግፈግ ተለወጠ። እንግዲህ ያን ቀን ሠራዊቱን የፈታው የወሬው መሰማት ከሆነ፥ ወሬው ከአፍ ወደ አፍ በአንድ ትንፋሽ የሚተላለፍ ቃል መሆን ነበረበት። በጽልመት መጋረጃ የተጠቀለለ ወሬ ጦር ሊፈታ ቀርቶ ሰሚ አያገኝም።

ከእኛ መካከል አንዱ የገንዳ ውሃ ልጅ ነው። ለዕረፍት ሲሄድ ድርሰቱን ይዞ ሄዶ ለእናቱ አነበበላቸው። ከመተማ ዮሐንስ ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችውን ይህችን ቆላ የሚያውቅ ሁሉ ሙቀቷን ያውቃል፤ ሰሊጥ ሊያጭድ ከደጋ የወረደ ሠራተኛ በቀትር የሚመኘው ነገር ቢኖር ጥላ ነው። እናትየው እስከ መጨረሻው በትዕግሥት ካዳመጡ በኋላ፥ «ልጄ፥ አንበሳው ከጥላው ሥር ካረፈ ታዲያ ምን ያስለቅሳችኋል?» አሉት። እኛ ከዚህ የተሻለ ሒስ እስካሁን አልሰማንም።

ይህን የመሰለ አጻጻፍ ከየት መጣብን? በእኛ አስተያየት ምክንያቱ የግዕዝ ቃል በአማርኛው ምትክ ሲገባ ንግግሩ በራሱ የሚከብር ስለሚመስለን ነው። «ጨለማ» ማለት ለንጉሥ ታሪክ ያነሰ ይመስለንና «ጽልመት» እንላለን። ይህን የሚደግፉ ጓደኞቻችን «የቅኔ አገር ልጆች ነን» ይላሉ። ክርክሩ ግን መልሶ የሚወጋው ራሳቸውን ነው። ጉባኤ ቃና ሁለት ቤት ብቻ ነው፤ በዋሸራም ሆነ በጎንጅ ባለቅኔው የሚመሰገነው በጥቂት ቃል ሰሙንም ወርቁንም በማስገባቱ ነው። እኛ የጻፍነው ሰሙ የበዛ፥ ወርቁ የጠፋ ነበር።

የቀድሞዎቹን ጽሑፎች ብንመለከት ደግሞ የበለጠ እናፍራለን። ከገንዳ ውሃ ብዙም በማይርቀው በቋራ ያደጉት ዐፄ ቴዎድሮስ በ1855 ዓ.ም. ለእንግሊዝ ንግሥት ለቪክቶሪያ ሲጽፉ፥ ያስጻፉት ሰው ሊናገረው በሚችለው አማርኛ ነው። ደብተራ ዘነብም የቤተ ክህነት ሰው ሲሆን፥ የነገሥታት ታሪክ በግዕዝ ይጻፍ የነበረውን ልማድ ትቶ የንጉሡን ታሪክ በአማርኛ ጻፈ። ግዕዝ አጥቶ አይደለም። በእኛ ዘመን አቅራቢያም የጎንደሩ ተወላጅ ብርሃኑ ዘሪሁን «የቴዎድሮስ እንባ»ን ሲጽፍ በአጫጭር ዐረፍተ ነገር ነው፤ የጋዜጠኝነት ሥራው ልማዱን ሳያጠናክርለት አልቀረም።

ሆኖም ያጌጠ ቃል ሁሉ ይወገድ ማለታችን አይደለም። ያው ወታደር ከውጊያው በፊት ቢፎክር «የአባ በዝብዝ አሽከር!» ማለቱ ተገቢ ነው፤ የንጉሡ የፈረስ ስም ማን መሆኑንና ለማን እንደሚሞት ይናገርለታል። ደብተራ በመድረኩ ላይ ቢኖር ግዕዝ መደባለቁ ጠባዩ ነው። መንግሥቱ ለማ በ«ያላቻ ጋብቻ» የሚያስቀን እያንዳንዱ ሰው እንደ ኑሮው ስለሚናገር ነው። ጸጋዬ ገብረ መድኅን ሌላ ነገር ነው፤ ቃሉ ለጆሮ ይከብዳል፥ ነገር ግን አንዱ ቃል ቢወጣ ሐሳቡ ይጎድላል። እኛ እርሱን የመሰልን መስሎን የወሰድነው ድምፁን ብቻ ነበር። (ይህን የምንለው ከመካከላችን ሁለቱ አሁንም የማይስማሙ መሆናቸውን ሳንደብቅ ነው፤ «የንጉሥ ሞት በተራ ቃል አይነገርም» ይላሉ። እኛ ግን ንጉሡ በነገሡበት ዙፋን ላይ ሆነው የሚናገሩትንና የተደናገጠ ወታደር የሚናገረውን መለየት ያስፈልጋል ባዮች ነን።)

በመስከረም ተመልሰን ስንገናኝ ያንን ተራ እንደገና ጻፍነው። ወታደሩ ሮጦ ይመጣል፤ «ጃንሆይ ተመቱ» ይላል። ከዚህ በቀር አንድም ቃል አልጨመርንለትም። አሉላን የያዘው ጓደኛችን ጥቂት ካሰበ በኋላ የጻፈው መልስ፥ «ከአንተ ሌላ ማን ሰማ?» የሚል ነበር። ክረምቱን ሙሉ አልንቀሳቀስ ያለን ድርሰት ከዚያች ሌሊት ጀምሮ መሄድ ጀመረ።