ቁጣም ኮከብ አለው?

«ኮከባችን አልገጠመም።» ይህችን አባባል የማያውቅ አበሻ ያለ አይመስለኝም። ትዳር ሲፈርስ፣ እጮኛ ሲቀር፣ ሸሪኮች ሒሳብ ዘግተው ሲለያዩ ብቅ ትላለች። ደግ አባባል ናት፤ ማንንም አትከስም። ሽማግሌ ፊት ገበና ሳይዘረገፍ ጥፋቱ ተጠቅልሎ ሰማይ ላይ ይሰቀልና ሁሉም ወደየቤቱ ይሄዳል። ደግነቷ ግን ለሁሉም ነው። ሚስቱን ሲደበድብ የኖረው ሰውዬም የሚላት እሷኑ ነው፤ «ምን ይደረግ፣ ኮከባችን አልገጠመም!» ዱላው የሱ፣ ጥፋቱ የኮከብ።

መቼስ እኔ በኮከብ ቆጠራ አላምንም። የማያምን ሰው ግን የሚያምኑት ምን ፈልገው እንደሆነ መጠየቅ አይከለከልም። ለዚህ ጥያቄ ጠለቅ ያለ መልስ ያገኘሁት እዚህ ሰፈራችን ሳይሆን በጥቁር አሜሪካውያን ታሪክና ሙዚቃ ውስጥ ነው። እነሱ ዘንድ ኮከብ የትዳር ማፍረሻ ሰበብ ብቻ አልነበረም። ስለ ቁጣቸው፣ ስለ ፍቅራቸውና ስለ ፍላጎታቸው በራሳቸው አፍ የሚናገሩበት ቋንቋም ሆኖ አገልግሏል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመተ ምሕረቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ለመሆኑ ኮከብ ለማስቆጠር ምን ያስፈልጋል? በፈረንጆቹ መንገድ የተወለዱበት ቀን፣ ሰዓትና ቦታ ይበቃል። በእኛው በዐውደ ነገሥት ከሆነ ደግሞ የራስ ስምና የእናት ስም ነው የሚጠየቀው። የፊደላቱ ቁጥር ተደምሮ ለ12 ይገደፍና የተረፈው ከሐመል እስከ ሑት ካሉት ካንዱ ያደርሳል። ልደትና እናት ብቻ! ይህን የማያሟላ ማን አለ?

አለ እንጂ። ሜሪላንድ ውስጥ ባሪያ ሆኖ የተወለደው ፍሬድሪክ ዳግላስ በ1845 ባሳተመው የሕይወት ታሪኩ ገና ከመነሻው የሚነግረን ዕድሜውን እንደማያውቅ ነው። አብረውት ያደጉት ነጭ ልጆች የተወለዱበትን ቀን ያውቃሉ፤ እሱ ግን ጌታውን መጠየቅ እንኳ አይፈቀድለትም። እናቱን ያያት አራት ወይም አምስት ጊዜ ነው፤ ያውም በሌሊት። ካደገ በኋላ ፌብሩዋሪ 14ን ልደቴ ይሁን ብሎ ራሱ መረጠ። እሱ ከሞተ ከብዙ ዓመት በኋላ በጌታው መዝገብ ላይ የተገኘው ጽሑፍ ፌብሩዋሪ 1818 ይላል፤ ቀን የለውም። እንግዲህ ይህን ሰው ኮከብ ቆጣሪ ዘንድ እንውሰደው። ፈረንጁ ቀን ሲጠይቀው የለውም። የኛው ደብተራ የእናትህን ስም ቢለው ስሟን ይነግረው ይሆናል፤ ፊቷን ግን የሚያውቀው በጨለማ ነው። ባርነት የሰውን ጉልበት ብቻ አልነበረም የሚወስደው። ሰማይ ላይ ያለችውን ድርሻውንም ይወስድ ነበር።

ስለዚህ የዳግላስ ወገን የሆነ ሰው ከመቶ ዓመት በኋላ «እኔ በዚህ ቀን፣ በዚህ ሰዓት የተወለድኩ የእገሌ ኮከብ ነኝ» ሲል ከመሳቃችን በፊት ትንሽ ቆም ማለት ይገባናል። ቀን ያለው ሰው ነኝ ማለቱ ነው።

ሌላም ነገር አለ። የጥቁር ሰው ቁጣ ሌሎች ስም ሲያወጡለት የኖረ ቁጣ ነው። በ1851 ሳሙኤል ካርትራይት የሚባል የሉዊዚያና ሐኪም፣ ባሪያ ከጌታው የሚኮበልለው ታሞ ነው ብሎ ጻፈ። ለበሽታው «ድራፔቶማንያ» የሚል የግሪክ ስም አወጣለት። ነፃነት መፈለግ በሽታ ሆነ ማለት ነው። ይህ የድሮ ሰው አላዋቂነት ነው እንዳንል ከ117 ዓመት በኋላ፣ በ1968፣ ሁለት የአእምሮ ሐኪሞች በታወቀ የሕክምና መጽሔት ላይ የጥቁሮችን ቁጣ «የተቃውሞ እብደት» በሚል ስም የሕመም መዝገብ ውስጥ ሊያስገቡት ሞከሩ። ልብ በሉ፣ የሁለቱም ዘመን ሐኪሞች የሚሉት አንድ ነገር ነው፤ ቁጣህ ከጅራፉ አልመጣም፣ ካንተው ከውስጥህ ነው።

የኮከብ ቋንቋ ከዚህ ጋር ሲነጻጸር ምን ያህል ደግ እንደሆነ የሚያሳይ አንድ ሥራ ልጥቀስ። ፒያኒስቷ ሜሪ ሉ ዊሊያምስ በ1945 «የዞዲያክ ስዊት» የተባለ አሥራ ሁለት ክፍል ያለው ሙዚቃ ደረሰች። ስትጀምር ስለ ኮከብ ያን ያህል አታውቅም ነበር። አንድ መጽሐፍ አነበበችና በየኮከቡ የተወለዱ የምታውቃቸውን የሙያ ባልደረቦቿን እያሰበች መጻፍ ያዘች። በየሳምንቱ በምታቀርበው የሬዲዮ ፕሮግራም ላይ አንድ አንድ እያለች አሰማች። በዚያው ዓመት ዲሴምበር 31 ኒውዮርክ በሚገኘው ታውን ሆል ከኦርኬስትራ ጋር ቀረበ። ሰውር የተባለውን ክፍል ለዱክ ኤሊንግተን ሰጠችው፤ በ1973 አዲስ አበባ መጥቶ ለተጫወተው ለዚያው ለኤሊንግተን። ሐመልን ለሳክስፎን ተጫዋቹ ለቤን ዌብስተርና ለቢሊ ሆሊደይ አበረከተች።

ሐመል በኮከብ ቆጣሪዎች ቋንቋ እሳት ነው፤ የቁጣ ኮከብ። ቢሊ ሆሊደይ ደግሞ ከ1939 ጀምሮ ኒውዮርክ በነበረው ካፌ ሶሳይቲ በተባለ ክበብ፣ መብራት ጠፍቶ በፊቷ ላይ ብቻ እየበራ፣ ዛፍ ላይ ስለተሰቀሉ ጥቁሮች የዘፈነች ሴት ናት። ከእሷ ቁጣ የበለጠ ምክንያት ያለው ቁጣ ከየት ይመጣል? ሜሪ ሉም በዚያ ክበብ ተጫውታለች፤ ሰምታታለች። ሆኖም በሙዚቃዋ ውስጥ የምናገኛት ሐመል ቁጡ ብቻ አይደለችም። ሥራዋ አጭር ነው፤ ስሜቱ ግን ቶሎ ቶሎ ይለዋወጣል። ዝግ ይላል፣ ደርሶ ይፈጥናል፣ ይጫወታል። መንግሥት ለቢሊ የነበረው ስም «ሱሰኛ» የሚል ነበር። በ1959 በ44 ዓመቷ ስትሞት የሆስፒታል ክፍሏን ፖሊስ ይጠብቃት ነበር። ጓደኛዋ ግን ከአሥራ ሁለቱ የሰው ዓይነቶች አንዷ አድርጋ ነው ያየቻት። ቁጣ የአንድ ዘር በሽታ ሳይሆን የሰው ልጅ ሁሉ ከአሥራ ሁለት አንድ ድርሻ ሆነ። እኔ የዚህ ሥራ ትልቅነት እዚህ ላይ ነው እላለሁ።

ወደ ፍቅሩ እንምጣ። በ1977 ዘ ፍሎተርስ የተባሉ አራት የዲትሮይት ወጣቶች አንድ ዘፈን አወጡ። የዘፈኑ ነገር ቀላል ነው። ደለዊ፣ ሚዛን፣ አሰድና ሸርጣን በየተራ ኮከባቸውንና ስማቸውን ይናገራሉ፤ ከዚያ ምን ዓይነት ሴት እንደሚወዱ ለስለስ ባለ ድምፅ ያስረዳሉ። በጥቁሮች የሙዚቃ ሰንጠረዥ አንደኛ ወጣ፤ እንግሊዝ አገርም እንዲሁ። ዛሬ ሲሰሙት እውነቱን ለመናገር ያስቃል። ነገር ግን ከ22 ዓመት በፊት፣ በ1955፣ ኤሜት ቲል የተባለ የ14 ዓመት ጥቁር ልጅ ለአንዲት ነጭ ሴት አፏጨ ተብሎ ሚሲሲፒ ውስጥ ተገድሏል። የጥቁር ወንድ ፍላጎት ሬሳ ወንዝ የሚያስጥል ክስ በነበረበት አገር፣ አራት ጥቁር ወንዶች ሬዲዮ ላይ ቀርበው «እኔ እንዲህ ያለችውን ሴት ነው የምወድ» ብለው በስማቸው መናገራቸው ቀልድ ብቻ አይደለም። ኮከቡ እዚያ ላይ እንደ መታወቂያ ወረቀት ነው።

እዚህ ድረስ ኮከብን አመሰገንኩ። አሁን ደግሞ ልውቀሰው።

እነዚያ ወጣቶች የወጡባት ዲትሮይት አሥር ዓመት ቀደም ብሎ ነድዳ ነበር። ጁላይ 23 ቀን 1967 ፖሊስ አንድ ፈቃድ የሌለው መጠጥ ቤት ሲወርር የተነሳው ሁከት 43 ሰው ፈጀ። ጁላይ 23 ደግሞ ፀሐይ ወደ አሰድ የምትገባበት ሰሞን ነው! ኮከብ ቆጣሪ ቢጠየቅ መልስ አያጣም፤ «እሳት በእሳት ሆኖ ነው» ይላል። ፕሬዚዳንት ጆንሰን ያቋቋሙት የከርነር ኮሚሽን ግን በ1968 ባወጣው ሪፖርት ከሰማይ ሳይሆን ከምድር ጀመረ። ከየከተማው ከሰበሰባቸው ብሶቶች ፊተኞቹ የፖሊስ አያያዝ፣ ሥራ አጥነትና የመኖሪያ ቤት ነበሩ። በዚያው በ1968 ሐኪሞቹ «የተቃውሞ እብደት» ሲሉ ኮሚሽኑ ኪራይና ሥራ አለ። ከሁለቱ የትኛው ቁጣውን እንዳዳመጠ ለእናንተ እተወዋለሁ።

የኮከብ ትልቁ ጉድለት እንግዲህ ይህ ነው። አንድ ሰው ሲቆጣ እንዴት እንደሚቆጣ፣ ይጮህ ይሆን ወይስ ያኮርፍ፣ ጥሩ ሥዕል ይሥልልናል። ለምን እንደተቆጣ ግን አይነግረንም። ኮከብ ስለ ዐመል እንጂ ስለ ቤት ኪራይ ምዕራፍ የለውም። ዛሬ የኮከብ ነገር በእጅ ስልክ ውስጥ ገብቶ በየማለዳው «ዛሬ ቁጣህን ተቆጣጠር» እያለ ይመክራል። የተመከረው ሰው ደመወዙ ተቆርጦበት ቢሆንስ? ያን ጊዜ ምክሩ ከካርትራይት መድኃኒት የሚለየው በለዛው ብቻ ነው፤ ዞሮ ዞሮ ጥፋቱን የሚያገኘው የተበደለው ሰው ደም ውስጥ ነው።

ገጣሚዋ ኦድሬ ሎርድ በ1978 ስለ ፍላጎት፣ በ1981 ደግሞ ስለ ቁጣ ሁለት ዝነኛ ንግግሮች አድርጋለች። ሁለቱን አንድ ላይ ያነበበ ሰው የሚያገኘው ሐሳብ በእኔ አማርኛ ሲነገር ይህን ይመስላል፤ ቁጣም ፍላጎትም ዕውቀት ይዘው የሚመጡ መልእክተኞች ናቸው፣ መልእክቱን ሳይሰሙ መልእክተኛውን ማስታመም አይገባም። ኮከብ ቆጠራ መልእክተኛውን ደህና አድርጎ ያስተዋውቃል። ደብዳቤውን ከፍቶ ማንበብ ግን የኛ ሥራ ነው።

ዳግላስ ራሱ በ1847 ያቋቋመውን ጋዜጣ «የሰሜን ኮከብ» ብሎ ነበር የሰየመው። ከባርነት የሚያመልጡ ሰዎች በሌሊት መንገድ የሚለዩባት ኮከብ ናት። ልደቱን የማያውቀው ሰው ለራሱ የመረጣት ኮከብ ስለ ዐመሉ የምትናገር አልነበረችም፤ ወዴት እንደሚሄድ የምታሳይ ነበረች።

እኛም አገር «እሱን ተወው፣ ኮከቡ እሳት ነው» የሚባል ሰው በየመሥሪያ ቤቱና በየጎረቤቱ አይጠፋም። ይህን ስትሰሙ አንዳንዴ ጠጋ ብላችሁ «ምን አድርገውህ ነው?» በሉት። ምናልባት በእርግጥም ዐመሉ ይሆናል። ምናልባት ደግሞ አሥር ዓመት ሙሉ ማንም ያልጠየቀው ነገር ይኖረዋል።